በዘሃራ ስም

ሰኞ

ቆርቆሮው ይመጣል አለ ጌጡ። ምሎ ነው ያለው። ጌጡ ሲምል መጠንቀቅ ነው።

ፊት ለፊት «አቶ ጌጡ» እለዋለሁ፤ አለቃዬ ነው። እዚህ ግን ጌጡ ይበቃዋል።

ረቡዕ ከአዲስ አበባ እንግዶች ይመጣሉ። የጎልማሶችን ትምህርት የሚረዳ ድርጅት ሰዎች ናቸው። ውጤት ያሳየ ጣቢያ ካገኙ ይደግፋሉ ተብሏል። የእኛ ጣቢያ መርሳ ዳር ያለችው የገበሬዎች ማሰልጠኛ አዳራሽ ናት። አምና ጦርነቱ ሲያልፍባት ግድግዳዋ ቀረ፣ ጣሪያዋ ሄደ። ማን እንደወሰደው ሁሉም ያውቃል፤ ብቻ ሁሉም የሚያውቀው ሌባ ይለያያል። ግማሹ ታጣቂ ይላል፣ ግማሹ የጎረቤቱን ጓሮ በዓይኑ ያሳይሃል።

በጋውን ሴቶቹን ያለ ጣሪያ አስተማርን። ክረምቱ ሲገባ ትምህርቱ ቆመ። ጌጡ ግን በየወሩ «ትምህርቱ ሳይቆራረጥ ቀጥሏል» እያለ ሪፖርት ይልካል። የምጽፈው እኔ ነኝ። እሱ እየተንጎራደደ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ። የጎልማሶች ትምህርት ባለሙያ ማለት ይኸው ነው።

«ታዲያ ሴቶቹን ልጥራቸው?» አልኩት።

«አብደሻል? ክረምቱን ሙሉ ፊደል ያላየች ሴት ሰሌዳ ፊት አቁመሽ ልታዋርጂኝ ነው?»

የእሱ ዕቅድ ሌላ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ሠራተኞችና ከመምህራን ጥቂት ሰው መርጠን፣ ነጠላ አልብሰን፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ቀለም በተቀባችው ክፍል እናስቀምጣለን። መሃይም ነበርን፣ አሁን ማንበብ ቻልን ይላሉ። የሴቶቹ ስም ቀደም ብሎ ለእንግዶቹ ስለተላከ እያንዳንዱ የአንዷን ስም ይዞ ይቀመጣል።

እሺ አልኩ። ቆርቆሮ ስለፈለግኩ ነው። ክፉ ሰው ብሆን ይሻለኝ ነበር፤ ክፉ ሰው ቢያንስ ለራሱ ይጠቀማል።

ማክሰኞ

ልምምድ አደረግን። ሰው በሙሉ ዕድሜው የተማረውን በአንድ ከሰዓት ሲረሳ አየሁ። ዲግሪ ያለው ሁሉ መሃይም ሁን ሲሉት አፉን ይከፍታል። ለምን አፋቸውን እንደሚከፍቱ አልገባኝም። ሴቶቼ አፋቸውን ገጥመው ነው ሰሌዳ የሚያዩት።

የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ገበሬ ልሁን ብሎ ከየት እንዳመጣው የማላውቀውን ዱላ ይዞ ገባ። ዱላውን ተደግፎ በየደቂቃው ያቃስታል። የጂኦግራፊው መምህር «እኔ ትንሽ ማንበብ የጀመረ ብሆንስ?» ብሎ ጠየቀ። ኩራቱ አልቻለም።

ከሴቶቹ ዘሃራን እንድትሆን የተመረጠችው ገንዘብ ያዣችን ናት። ስሟ ማስተዋል ነው። እግዜርም አንዳንዴ ይቀልዳል። ጥፍሯን ቀይ ተቀብታ፣ ሻሽ ተከናንባ፣ «በ… በ… በሬ» እያለች እንደ ሰካራም ተንተባተበች። ጌጡ አጨበጨበላት።

«ዘሃራ ግን ማን ናት?» አለችኝ ስንወጣ።

«መንገድ ዳር ፓፓያ የሚሸጡት። ሁልጊዜ ከእሳቸው ትገዣለሽ።»

«እንዴ! እሳቸው ናቸው?» ብላ ሳቀች። ቀጥላም የእሷም እናት ጉባ ላፍቶ ገበሬ መሆናቸውን ነገረችኝ።

እናትሽ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚኖሩት? ልላት ነበር። አላልኳትም። ሚኒባሱ ሊያመልጠኝ ነበር። ወልድያ ቤቴ እስክደርስ ያላልኳትን ነገር እያሰብኩ ተናደድኩ።

ረቡዕ

ከየት ልጀምር።

እንግዶቹ ሁለት ናቸው። አንዲት ሴትና አንድ ካሜራ የያዘ ወንድ። ሴትዮዋ በነሐሴ ጭቃ ነጭ ጫማ አድርጋ መጣች። ሰሌዳው ላይ «የዕድሜ ልክ ትምህርት ለዘላቂ ልማት» የሚል ጨርቅ ሰቀሉ። እኔ ዕድሜ ልክን ከእስራት ጋር ብቻ ነበር የማውቀው። ጨርቁን አንብቤ አቀማመጣችንን ሳየው፣ ብዙም አልተሳሳትኩም።

ሁሉም በየስሙ ተቀምጧል። ጌጡ ንግግር ጀምሯል። በሩ ተከፈተና ዘሃራ ገባች። እውነተኛዋ። ጎረቤቷ ሉባባ ከኋላዋ። ከማሽላ አረም ነው የመጡት፤ እግራቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ነው። ለካ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «የጎልማሶች ትምህርት ተጀምሯል» ብሎ ነግሯቸው ሮጠው ነው የደረሱት። ለእኔ ራሳቸውን ነቅንቀው ሰላም ብለው፣ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ደስ ብሏቸው ነበር። ይሄንን አልረሳውም፤ ደስ ብሏቸው ነበር።

ጌጡ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ከዚያ ለእንግዶቹ ፈገግ ብሎ «አዲስ ተመዝጋቢዎች ናቸው» አለ። ውሸት ከአፉ እንደ ምራቅ ነው የሚወጣው፤ ማሰብ አያስፈልገውም።

ሴትዮዋ ወረቀቷን አየችና «ወይዘሮ ዘሃራ ሰይድ?» ብላ ጠራች። ሰይድ ባሏ ነው እንጂ አባቷ አይደለም፤ መዝገባችን ግን እንዲህ ነው የጻፋት።

«አቤት!» አለች ማስተዋል ከፊት።

«አቤት!» አለች ዘሃራ ከኋላ፣ ከወንበሯ ግማሽ ተነስታ።

የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ማቃሰቱን ረሳ። ዘሃራ የማስተዋልን ጀርባ አየች፣ እኔን አየችኝ፣ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እኔ ወለሉን አየሁ። ወለሉ በደንብ ተጠርጓል።

ማስተዋል ተናገረች። ስትናገር ደግሞ መንተባተቧን ረሳችው። ባሏ እንደሞተባት፣ ልጆቿን ብቻዋን እንደምታሳድግ፣ ድሮ ዕውር እንደነበረች፣ ዛሬ ግን እያነበበች፣ እየቆጠበች፣ ችግኝ እየተከለች የዘላቂ ልማት ተሳታፊ እንደሆነች። የዘሃራ ባል ሰይድ ደህና ነው፤ ጠዋት መንገድ ላይ ሰላም ብሎኛል። ማስተዋል ነገሯ አንጀት እንዲበላ ብላ ገደለችው።

«ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለች ሉባባ፣ ሰው ሲሞት እንደሚባለው፣ ጮክ ብላ። እንግዶቹ የሐዘን መሰላቸው።

ከዚያ ውጤቱ መጣ። ሴትዮዋ ተነሳች። በጣም ተደስታለች። እንዲህ ያለ ጣቢያ ገጥሟት አያውቅም። ጣቢያው ራሱን ችሏል! ስለዚህ ቁሳቁሱ ገና ላልጀመሩ ጣቢያዎች ይሄዳል፤ ለእኛ ግን የምስክር ወረቀት ይሰጠናል። ሰጠችን። ወፍራም ወረቀት ነው፣ ዳሩ ወርቅማ። ጌጡ ሲቀበል ፊቱ ልክ ዝናብ የመታው አመድ መሰለ። ካሜራው አነሳው። ሌላው ቢቀር ያንን ፎቶ ማየት እፈልጋለሁ።

ዞር ስል ዘሃራና ሉባባ የሉም።

ምሳ ላይ በፍልሰታ ጥብስ ታዘዘ። ጌጡ «እንግዳ ክቡር ነው» ብሎ አብሮ በላ። እኔ አልበላሁም። ጾም ስለሆነ ብቻ አይደለም።

ወደ ወልድያ ሲሄዱ መኪናቸው ውስጥ አስገቡኝ። ሲሪንቃ ስንደርስ አፌን ከፈትኩ። ለሴትዮዋ ሁሉንም ነገርኳት፦ ሰዎቹ ሠራተኞች እንደሆኑ፣ አዳራሹ ጣሪያ እንደሌለው፣ ዘሃራ ከኋላ የተቀመጠችው እንደሆነች። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

«አውቄያለሁ እኮ» አለችኝ። «ጥፍሯ ቀለም ነበረው።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ እህቴ? እኔም አለቃ አለኝ። ጥሩ ጣቢያ አምጪ ተብያለሁ፣ አመጣሁ።»

ከዚያ የሲሪንቃን የእርሻ ምርምር ማዕከል ማሳ በመስኮት እያየች «እንዴት ያምራል፣ አረንጓዴ ነው» አለች። እኛ አታለልናት ብዬ ሳፍር፣ እሷ ተታለልኩ ለማለት እንኳ አልደከመችም።

ሐሙስ

ጠዋት ዘሃራ መሥሪያ ቤት መጣች። እግሯን ታጥባ፣ ንጹሕ ልብስ ለብሳ። እኔ ጋ የምትመጣ መስሎኝ ተነሳሁ። አልፋኝ ሄዳ ገንዘብ ያዥዋ መስኮት ፊት ቆመች።

«አንቺ ነሽ እኔ?» አለቻት።

ማስተዋል እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ባሌን ለምን ገደልሽው?»

«እትዬ ዘሃራ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ታዝዤ ነው…»

«ግደዪው ብለው አዘዙሽ?»

ሰው ተሰበሰበ። ዘሃራ አልጮኸችም። የምትናገረው ፓፓያ ስትሸጥ በምትናገርበት ድምፅ ነበር። አምና ሸሽተው ደሴ መጠለያ ሳሉ የሆነውን ነገረቻት። ስማችሁ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል፣ ዱቄት ውሰዱ ተባለ። ዘሃራ ግድግዳው ፊት ስትቆም ለእሷ ሁሉም ቡራቡሬ ነው። የሚያነብላት ለምና ስሟ ሲገኝ፣ ከጎኑ ሌላ ሴት ፈርማ ዱቄቱን ወስዳለች።

«ፊደል ልቁጠር ያልኩት ለዚያ ነው። ወላሂ፣ ስለ ልማታችሁ አይደለም። ሁለተኛ በስሜ ሰው እንዳይበላ ብዬ ነው። አሁን ደግሞ አንቺ በላሽበት።»

ማስተዋል አለቀሰች። የማስተዋል እንባ ምንም አልመሰለኝም፤ ማልቀስ ቀላል ነው። እኔ ግን ማልቀስም አልቻልኩም፣ ስለዚህ ብዙ አልፈርድም። ዘሃራ እኔን አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ በወደድኩ።

ጌጡ ጫጫታ ሰምቶ ወጣ። «እናቴ፣ ችግር የለም፣ ወደፊት ይስተካከላል…»

«አንተ ዝም በል፣ ልጄ። አንተ እኔን አልሆንክም። ከዚች ጋር ነው ጉዳዬ።» ወደ ማስተዋል ዞረች። «ቅዳሜ ከዝሁር በኋላ ቤቴ ነይ። እኔን ስትሆኚ ማንበብ ትችያለሽ አይደል? እንግዲያው እኔንም አስችይኝ።»

«እመጣለሁ» አለች ማስተዋል አፍንጫዋን እየጠረገች።

አትመጣም። አውቃታለሁ።

አርብ፣ ቡሄ

ሥራ አልገባሁም። ልብስ አጠብኩ። ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ በር ላይ መጡ፤ ሙልሙል አልነበረኝም፣ ሸኘኋቸው።

ቀኑን ሙሉ ከጌጡ ጋር በሐሳቤ ስጨቃጨቅ ዋልኩ። ያላልኩትን ሁሉ አልኩት። ሲመሽ እሱ ምንም አልሆነም፤ እኔ ራሴን አሞኛል።

ቅዳሜ

መጣች።

ከነጥፍሯ ነው የመጣችው፤ ቀለሙን እንኳ አላስለቀቀችም። እኔም ሄድኩ። ዘሃራ በር ላይ አይታኝ «ግቢ» ብቻ አለችኝ። ገባሁ።

ሟቹ ሰይድ ከቤቱ ጎን ሸራ ወጥሯል። አራት እንጨት፣ የማሽላ አገዳ፣ ከላይ ሸራ። ጣሪያ ነው እንግዲህ። መሥሪያ ቤት፣ ድርጅት፣ የምስክር ወረቀት ሁሉ ተሰብስቦ ያላመጣውን፣ የሞተ ሰው በአንድ ጠዋት ሠራው። «ከቀብሬ ተነስቼ ነው» አለኝ ሚስማሩን በጥርሱ ይዞ። ሉባባ እስክትደክም ሳቀች።

ከሴቶቹ የቻሉት መጡ። ማስተዋል የማስተማር ችሎታ የላትም። ትጮኻለች፣ ትቸኩላለች፣ ራሷ ጠይቃ ራሷ ትመልሳለች። ዘሃራ «ቀስ በይ፣ ገንዘብ እየቆጠርሽ አይደለም» አለቻት። ቀስ አለች።

የእኛ መጽሐፍ ስለ ንብ ማነብ ነው። ከቀፎ ይጀምራል። ከሴቶቹ አንዷም ንብ የላትም። «ምን መጻፍ ትፈልጋላችሁ?» አለቻቸው ማስተዋል። ይሄንን ጥያቄ እኔ በጋውን ሙሉ ጠይቄያቸው አላውቅም።

«ውርጌሳ» አለች ሉባባ። «ደሴ። ኮምቦልቻ። የመኪናው ግንባር ላይ የሚጻፈውን።»

«ለገበያ ነው?» አለች ማስተዋል።

«ለሽሽት ነው።»

ማስተዋል ጠመኔውን አነሳችና ከውርጌሳ ጀመረች። ስንለያይ ዘሃራ ሦስቱንም ከተማ ለይታ አነበበች፤ ደሴን ከኮምቦልቻ ለመለየት የተጻፉበትን ቦታ አየች እንጂ ፊደሉን አይደለም ብዬ እጠረጥራለሁ። ማስተዋልም ጠርጥራ ቦታ ቀያየረችባቸው። ዘሃራ አልተሳሳተችም።

ደስ አለኝ። ደስ ሲለኝ ደግሞ በራሴ እናደዳለሁ፤ ምን አስተዋጽኦ አድርጌ ነው?

ረቡዕ

ከቆቦ በኩል ተኩስ ተጀምሯል። እርቁ፣ ፋታው፣ ንግግሩ ሁሉ የት ገባ የሚል የለም። ሰው ወሬ አይጠይቅም፤ ቦርሳ ይፈልጋል።

መርሳ መሥሪያ ቤት ስደርስ ጌጡ የለም። ለአስቸኳይ ስብሰባ ደሴ ሄዷል ተባለ። በመሥሪያ ቤቱ መኪና፣ ከሚስቱ፣ ከልጆቹ፣ ከፍራሹና ከቴሌቪዥኑ ጋር። ፍራሽ የሚያስፈልገው ስብሰባ ነው። የምስክር ወረቀቱ ግድግዳው ላይ ቀርቷል። ለእሱ እንኳ መኪናው ውስጥ ቦታ አልተገኘለትም።

ማስተዋልን ጠረጴዛዋ ላይ አየኋት፤ ስልክ እያወራች። «መኪና ካለ ለእኔም ቦታ ያዙልኝ» ስትል ሰማሁ። ይኸው፣ አልኩ በሆዴ። ቅዳሜ አልቆላታል።

አርብ

ወልድያ ሌሊቱን ያልተኛች ከተማ ሆናለች። ድምፁ ቀርቧል። ጎረቤቶቼ በሙሉ ወጥተዋል። አከራዬ እማማ አሰገደች ግን በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሳሉ።

«እማማ፣ ይሂዱ እንጂ።»

«አምና ሸሽቼ ምን አገኘሁ? ቤቴን ዘረፉ። ዘንድሮ ሲዘርፉ ልያቸው።»

ቁልፌን ሰጠኋቸው። ስስማቸው «ተነሽ፣ ይመሽብሻል» አሉኝ።

ጭነት መኪና ላይ ቆሜ መርሳ ገባሁ። መንገዱ ሰው ብቻ ነው። ሲሪንቃ ላይ ሰዎች ዕቃ ተሸክመው እየለመኑ ነበር፤ ሹፌሩ አልቆመም። ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ። እኔ ከላይ ሆኜ አይቼ አለፍኩ። ስለ ነጭ ጫማዋ ሴትዮ የጻፍኩትን አሰብኩ።

ደሴ ዘመድ አለኝ። መቀጠል ነበረብኝ። መርሳ ላይ ግን ወረድኩ። ለምን እንደሆነ አልመረመርኩም። እግሬ ዘሃራ ቤት ወሰደኝ። «እንግዳ ሳይሆን ተማሪ መጣ በሉ» አለች ዘሃራ ለሰይድ፣ እኔን እያየች። ከእንግዶቹ ረቡዕ ወዲህ በወጉ ያናገረችኝ ያኔ ነው።

ቅዳሜ

ከዝሁር በኋላ ሸራው ሥር ተቀመጥን። ከሴቶቹ የሄዱም አሉ። የቀሩት መጡ፤ ሉባባ ጨቅላ የልጅ ልጇን ታቅፋ። የሚያስተምር የለም ብዬ እኔ ጠመኔውን አነሳሁ።

ማስተዋል ቦርሳ በትከሻዋ አንጠልጥላ ደረሰች። ልብሷ አቧራና ጭቃ ነው።

«ሄደሽ አልነበረም እንዴ?» አልኳት።

«መኪና አጣሁ» አለችኝ።

ትልቁ መንገድ ከዚህ ይታያል። ወደ ደሴ የሚሄድ መኪና እንደ ጎርፍ ነው። ግማሹ እየቆመ ሰው እያነሳ ነበር። አየሁት፣ እሷንም አየኋት። ጠመኔውን ሰጠኋት።

ስለ ቁጥር ተማሩ፤ የልጆቻቸውን ስልክ ለመጻፍ። ማስተዋል ቁጥር ላይ ሌላ ሰው ናት። አትጮኽም። ዘሃራ ጂዳ ያለችውን የልጇን ስልክ ከሰይድ ስልክ አይታ መሬቱ ላይ በእንጨት ጻፈች፣ አንዱን ቁጥር ወደ ኋላ አዙራ። ማስተዋል ተንበርክካ እጇን ይዛ አቃናችላት።

መሐል ላይ ስልኬ ጠራ። ጌጡ ነው፣ ከደሴ።

«ትርንጎ፣ በዚህ ሁኔታ ውስጥም ትምህርቱ አልተቋረጠም የሚል አጭር ሪፖርት ላኪልኝ። እዚህ ይፈለጋል።»

ዘሃራን አየሁ። ሉባባን አየሁ፤ ሕፃኑን በአንድ እጅ ይዛ በሌላው ስምንት ትጽፋለች። ጌጡ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ይናገር ነበር፣ ሳያውቀው።

«ማንም የለም» አልኩትና ዘጋሁ። ይሄ የእሱ አይደለም።

ማምሻውን ማስተዋል ለሚቀጥለው ቅዳሜ ምን ልዘጋጅ ብላ ጠየቀችኝ። የሚያቆስል መልስ ምላሴ ላይ ፈለግኩ፤ ሁልጊዜ አለ፣ ዛሬ ግን አጣሁት።

«እንጃ» አልኳት።

«እሺ» አለች። እሷም እዚሁ ታድራለች።

ድምፁ ከሰሜን በኩል ይሰማል፣ ከዚያ ይጠፋል። ሰይድ ሸራውን አውርዶ አጣጥፎ በር ላይ አስቀመጠው፤ ነገ ምን እንደሚሆንልን አይታወቅም፣ መጠለያም ሊሆን ይችላል ሸክምም። በጊዜ ተኙ ብሎናል። ከነጫማችሁ።